ክብ ቀዳዳዎች

በቆሰበር የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ አያ ቢሻው «ደርቋል» ያሉት ሳንቃ ሌላ ዳኛ አያስፈልገውም ነበር። ሽማግሌው ሳንቃውን አቁመው በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል፤ ከዚያም ወይ በአማርኛ «ይሁን» ይላሉ፣ ወይ በአውንጊ አንድ ነገር አጉተምትመው ወደ ቆጡ ይመልሱታል። ደርበው ስድስት ዓመት ከእጃቸው ሥር ሲማር መጋዙንም መላጊያውንም ለምዶ ነበር፤ ይህን ማዳመጥ ግን አልተካነውም።

ብረት እስኪደርቅ አይጠበቅም። ደርበውም መጠበቅ የማይሆንለት ሰው ነበርና ከመምህሩ ተለይቶ በዋናው መንገድ ዳር የብየዳ ቤት ከፈተ። አልጋ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ እየበየደ ገበያውን ከሽማግሌው ደጅ ወደ ራሱ ደጅ አዞረው። አያ ቢሻው አልተቀየሙትም፤ ወይም ቅያሜያቸውን ለሰው ዓይን አላበቁትም። ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በሩ ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን ሲያራግፉ ባያቸው ጊዜ ደርበው ደነገጠ።

«ዳንግላ ማስተዋል የምትባል አስተማሪ አለች፤ ትልቅ ጠረጴዛ ሥሩልኝ ብላኛለች» አሉት። «እግሩ ብረት፣ ገላው ዋንዛ እንዲሆን ነው ፍላጎቷ። አንተ ብረቱን፣ እኔ እንጨቱን።»

«አያ ቢሻው! ከብረት ጋር ታረቁ ማለት ነው?»

«ከብረት ጋር መች ተጣላሁ? የተጣላሁት ከችኩል ጋር ነው» ብለው ሳቁ።

ያመጡት ሳንቃ ዘጠኝ ዓመት ቆጥ ላይ የተኛ፣ ወርዱ ሰፊ፣ መልኩ የማር የሚመስል ነበር። ሲያስረክቡት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁት።

«ሳንቃውን ከብረቱ ጋር የምታስርባቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ረዘም ይበሉ። ክብ እንዳታደርጋቸው። ይህ እንጨት አሁን የቆሰበርን ክረምት ጠጥቶ አብጧል፤ ዳንግላ ወርዶ በጋው ሲመታው ይሰበሰባል። መላወሻ ተውለት።»

ረጅም ቀዳዳ ማለት ሁለት ጊዜ በስቶ መሐሉን በሞረድ መብላት ማለት ነው፤ ያውም አሥራ ሁለት ቦታ። መብራቱ ደግሞ በዚያ ሳምንት እየመጣ የሚሄድ፣ ተስፋ ሰጥቶ የሚከዳ ነበር። ደርበው መሰርሰሪያውን ይዞ ጥቂት አመነታ። ዘጠኝ ዓመት የደረቀ እንጨት ከእንግዲህ ወዴት ይላወሳል? የሽማግሌ ጭንቀት ነው፣ አለ በልቡ። አሥራ ሁለቱንም ክብ አድርጎ በሳቸው፤ ቡሎኖቹንም እንጨቱ ሲጥ እስኪል ድረስ አጠበቃቸው።

«አስረዘምካቸው?» አሉት አያ ቢሻው ሥራውን ሊያዩ በመጡ ጊዜ።

«አስረዝሜያቸዋለሁ።»

እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደድ ቢያደርጉ ሐሰቱን በጣታቸው ያገኙት ነበር። ነገር ግን ያስተማሩት ሰው በአፉ የነገራቸውን በእጃቸው መፈተሽ ነውር መሰላቸው።

በየካቲት ማስተዋል ደወለች። ሁለቱም በሚኒባስ ዳንግላ ወረዱ፤ ከመናኸሪያ በጋሪ ቤቷ ደረሱ። ጠረጴዛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

«አባባ፣ ምሳ ቀርበን እየበላን ነው እንደ ጥይት የጮኸው» አለች ሴትዮዋ፣ እሷ ያጠፋች ይመስል እያፈረች። «እንግዶቹ ከወንበር ተነሥተው ሊሮጡ!»

አያ ቢሻው አልሳቁም። አውራ ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት። የደርበው ቃል ከጉሮሮው ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌው ቀደሙት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። የሳንቃው ልብ አልደረቀም ነበር። ጆሮዬ ከድቶኛል።»

ደርበው መሬት መሬቱን አየ። አንድ ትንፋሽ በሚያህል ጊዜ ውስጥ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር፤ ያች ትንፋሽ አለፈች። በመልሱ መንገድ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተጓዙ። ቆሰበር ሲቃረቡ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ስልሳ ዓመት የማውቀው ድምፅ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ወሬው በየተራ መጣ። አየነው የተባለ የዳንግላ ነጋዴ በር አሠራለሁ ብሎ ቢመጣ «አልችልም፤ እንጨት መለየት ትቶኛል» ብለው መልሰውታል። ቀጥሎ መሣሪያዎቻቸውን ለአንድ የጥሊሊ አናጢ ሸጡ ተባለ። ደርበው እያንዳንዱን ወሬ በሰማ ቁጥር ነገ እሄዳለሁ ይል ነበር። ዝምታ ግን ሲከርም የራሱ ሥር ያወጣል፤ ሊነቅለው የሚመጣውን ሰው ክንድ ያዝለዋል።

በግንቦት ሄደ። አያ ቢሻው ደጃቸው ላይ ለዘር የሚሆን ድንች ይለቅማሉ። ቆሞ ነገራቸው፤ መቀመጥ አልደፈረም።

«ክብ?» አሉ።

«ክብ።»

«አሥራ ሁለቱም?»

«አሥራ ሁለቱም፣ አያ።»

የያዙትን ድንች ከየትኛው ክምር እንደሚጨምሩት የጠፋቸው መሰሉ። «ሦስት ወር» አሉ በመጨረሻ። «ቀዳዳውስ ይሁን፤ መብራት ሄደብህ፣ ቸኮልክ። ሦስት ወር ምን አቸኮለህ?»

«ይቅር ይበሉኝ። መሣሪያዎን ከጥሊሊ አስመልሳለሁ።»

«መሣሪያውንማ ታስመልስ ይሆናል። እኔ እንጨት ባየሁ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ ስሰበስብ ነው የከረምኩት። እጄ ፈርቷል፣ ደርበው። ድፍረቱን ከየትኛው ገበያ ታመጣልኛለህ?» ድንቹን መሬት አስቀመጡት። «ለእኔ ነገርከኝ። አሁን ውረድና ለማስተዋል ንገር። ከዚያ ለአየነው። አልችልም ያልኳቸው በአፌ ነው፤ አንተ በአፍህ አንሣልኝ።»

በማግስቱ ማስተዋል ቤት ገባ። የጠረጴዛው ብረት እዚያው አለ፤ ከላዩ ኮምፔንሳቶ ተመትቶበታል። ሁሉንም ነገራት። ፊቷ ላይ ቁጣ ጠበቀ፤ ያየው ግን ርኅራኄ ነበር።

«ውይ፣ አንተ ደግሞ! እሳቸው ራሳቸው አረጀሁ ብለው የለ እንዴ፣ እዚሁ ቆመው።»

«አይደለም፣ እትዬ። እርሳቸው አልተሳሳቱም። ይምጡ ላሳይዎ» አለና ተንበርክኮ ከሥር ገባ። «ይኸው፣ ይዩት፤ ክብ ነው። ረጅም መሆን ነበረበት።»

ጎንበስ ብላ አየች። «እኔ ምን አውቄ፣ ቀዳዳ ነው» አለች። «ተነሥ፣ ሱሪህን አታቆሽሽ። ላስተማረህ ሰው ስትል ጥፋቱን መሸከምህ ግን ያስመሰግንሃል። ምነው የእኔም ተማሪዎች እንዲህ በሆኑ! ተባረክ።»

ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ ወጋው። ደጅ እንደወጣ ስልኩ ጮኸ፤ አያ ቢሻው ነበሩ።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

ደርበው የሚጣፍጥ መልስ መፈለግ ቃጣው፤ ተወው። «አላመነችኝም፣ አያ። ለእርስዎ አዝኜ የምዋሽ መሰላት።»



«አየነው ከቀትር በኋላ ከሱቁ አይጠፋም» አሉ ሽማግሌው። «ከገበያው በላይ ነው። ሂድ።»