የኤልቃና ውሃ ልክ

«ማዘር፣ መኪና ያጠብንበት ውሃ በየት ነው የሚወጣው?» ብሎ ዲኖ ጠየቀኝ። ከልጄ ከኤልቃና ጋር ሸሪክ ሆነው ሰበታ ላይ ጋራዥና ላቫጆ ሊከፍቱ ቦታውን ጠርገው ነበር። እኔ ምን አውቄ! «ኤልቃና ያስብበታል» አልኩት። ኤልቃና የሚያስበው ግን ስለ ጋራዡ ምርቃት ነበር።

የእኔ ጭንቀት አንድ ነው፤ ልጄ ዱከም ፋብሪካ ገብቶ ከዓይኔ እንዳይርቅ። ጋራዡ ከተከፈተ እሱም አጠገቤ ይቆያል። ስለዚህ ቸርች በሄድኩ ቁጥር ሊሠራ ለታሰበው የጋራዡ ወለል እጸልይ ነበር። ለወለል የጸለየ ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ።

ግንበኛው ዲሪርሳ ኮንክሪቱን ሊያፈስ ሲል ኤልቃና በአዲስ ጫማው እየተንጎራደደ አዘዘ።

«በውሃ ልክ ይሠራ!»

«ላቫጆ አይደል እንዴ?» አለ ዲሪርሳ።

«ለዚያ እኮ ነው! ውሃ ስላለበት በውሃ ልክ።»

ዲኖ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ፣ ውሃ ልክ ማለት እኮ ለጥ ያለ ማለት ነው! ወለሉ ወደ ቦዩ ዘንበል ካላለ ውሃው እዚሁ ይተኛል።»

የልጄ ፊት ቀላ። «አውቃለሁ!» አለ። ያወቀው ገና አሁን ነው። «ዘንበል ካለ መኪና ማንሻው ክሪክ ይንሸራተታል። ለጥ ይበል ብያለሁ!»

«ኦቦ ኤልቃና ካሉ እሺ» አለ ዲሪርሳ። ሽሙጥ መሆኑ ለእኔ ገባኝ፤ ለልጄ ማዕረግ መሰለው።

በምርቃቱ ቀን አንድ ሚኒባስ ታጠበ። ውሃው የትም አልሄደም። ዘይቱንና አረፋውን ተሸክሞ ቀስ እያለ የእንግዶቹ ጫማ ውስጥ ገባ። ፓስተራችን ሱሪያቸውን ሰብስበው «አሜን» አሉ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ መዋኛ ከፈትክ!» አለ ዲኖ።

ከዚያ ወዲያ ኤልቃና መካኒክነቱን ትቶ ውሃ ገፊ ሆነ። በመጥረጊያ ወደ በሩ ሲገፋው ውሃው በጎኑ ዞሮ ይመለሳል። ደንበኞች ቦት ጫማ ማድረግ ሰለቻቸውና ቀሩ።

«ልጄ፣ ይሰበርና በደንብ ይሠራ» ብዬ ለመንኩት።

«አንቺም ከዲኖ ጋር ነሽ?»

ዲኖ ዲሪርሳን መልሶ ጠራው። ኤልቃና በሩ ላይ ቆመ። «ይሄ ወለል ከተነካ እኔ የለሁበትም!»

ዲኖ ወለሉን አየ፤ ልጄንም አየ። «ዲሪርሳ፣ ጀምር» አለ።

መዶሻው ወለሉ ላይ አረፈ። ልጄ ሻንጣውን ይዞ ዱከም ፋብሪካ ሊገባ ሄደ፤ ዲኖ ሰበታ ቀረ።