የመምህር ጩማ ድምፅ

መብራት ስልኩን ስታነሳ መምህር ጩማ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ዱዳ ሆኗል» አሉ። «ከሆነ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ።»

መምህር ጩማ ተበላ ከተማ ውስጥ ወላይትኛ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር ናቸው። ትምህርቱንም ፈተናውንም በአሮጌ ላፕቶፕ ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ማሽኑ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ያን የሚያደርገውን የኮድ ስብስብ፣ ባለሙያዎቹ ላይብረሪ የሚሉትን፣ የሠሩት መብራትና የክፍል ጓደኛዋ ኪሩቤል ናቸው፣ ከሰባት ዓመት በፊት ሶዶ ተማሪ ሳሉ። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በስልክም እንዲሠራ ታስቦ የተጻፈ ነው። ድምፁ ደግሞ የራሳቸው የመምህር ጩማ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እያቆሙ፣ ሲያባራ እየቀጠሉ፣ ስድስት ሺህ ቃል አስቀድተዋል። ሲጨርሱ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ሳምንት ሙሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

«ምንም አይልም?» አለች መብራት።

«ምንም። ትናንት አንድ ባልደረባዬ አየልኝ። ስክሪኑ ላይ ‹ይህ ኮምፒውተር ከእንግዲህ አይደገፍም› የሚል ጽሑፍ አለ አለኝ። በጽሑፍ!»

መብራት ሶዶ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። በምሳ ሰዓቷ ኮዱን ከፍታ አየችው። ችግሩ ከኮዱ አልነበረም። ኮዱ ለየትኛው ማሽን እንዴት ተገንብቶ እንደሚወጣ የሚያዝ ፋይል አለ፤ ባለሙያዎቹ የቢልድ ኮንፊግ ይሉታል። እዚያ ውስጥ የአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች መስመር የለም። የሰረዘው ኪሩቤል ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱን ሲያድስ የመምህሩ ላፕቶፕ ዱዳ የሆነው ለዚህ ነው። ወዲያው አዲስ አበባ ደወለችለት።

«የአሮጌዎቹ ቢልድ በየጊዜው ይወድቅ ነበር» አለ ኪሩቤል። «ላይብረሪውን የሚረከበው ድርጅት በዚያ ሳምንት ሊያየን ቀጠሮ ይዞ ነበር። ‹ወድቋል› የሚል ቀይ ምልክት ታቅፌ ልቅረብ?»

«ስለዚህ ሰረዝከው።»

«እንደዚያ ያለ ማሽን የያዘ ስንት ሰው ቀርቷል?»

«መምህር ጩማ ይዘዋል።»

«አንድ ሰው፣ መብራት።»

«ድምፁ የእሳቸው ነው እኮ! ለእኔስ እንዴት አትነግረኝም?»

«አልነገርኩሽም?» አለ፤ ድምፁ ቀዘቀዘ። «ልኬልሽ ያጸደቅሽው አንቺ ነሽ። ግቢና እይው።»

አንዱ የለወጠው ሌላው ካላጸደቀው አይገባም። ገብታ አየችው። ጥር አሥራ ሰባት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ከአረንጓዴው ምልክት አጠገብ ስሟ ተቀምጧል። ያን ቀን የኮሌጁ የምዝገባ ሲስተም ተበላሽቶ ተማሪው እስከ ውጭ በር ተሰልፎ ነበር። መልእክቱ ስልኳ ላይ ብቅ ሲል የኪሩቤል ነው ብላ፣ ሳታነብ ‹አጽድቅ› የሚለውን ተጫነችው።

ጥገናው አራት ቀን ፈጀባት። የድምፁ ክፍል ለአዳዲሶቹ ማሽኖች የተዘጋጀውን ፋይል ለሁሉም ዊንዶውስ ያድል ነበር፤ አሮጌው ሲደርሰው ይወድቃል። አሮጌውን ስታስተካክል የሊኑክሱ ተበላሸ። አንድ የፋይል ስም ኮንፊጉ ላይ በትልቅ ፊደል፣ ማኅደሩ ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ኖሯል፤ ዊንዶውስ ያለፈውን ሊኑክስ አላልፍም አለ። እሱን ስታቃና የስልኩ አኮረፈ። በመጨረሻ ሁሉም ባንድ ላይ አረንጓዴ ሲሆኑ የለወጠችውን ቆጠረችው፤ አሥራ አንድ መስመር። እንዲያጸድቀው ለኪሩቤል ላከችለት። ሰዓት ሳይሞላ መለሰው። «ርክክቡ እስኪያልቅ ኮንፊጉ አይነካም» ይላል።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ፣ የጠገነችውን በፍላሽ ይዛ በሚኒባስ ወደ ተበላ ወረደች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ መምህር ጩማን ስትጠይቅ ዘበኛው የመጻሕፍት መጋዘኑን አመለከታት። ጥግ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ዛሬ ክፍለ ጊዜ የለዎትም?»

«ዛሬም ነገም የለኝም።»

የአጋማሽ ፈተናውን በቀኑ ማድረስ ስላልቻሉ ክፍሎቻቸው ለሌላ መምህር ተሰጥተዋል። ርዕሰ መምህሩ «እስኪሻልዎት ድረስ ነው» ብለዋቸዋል። «ከምን ነው የሚሻለኝ?» አሉ መምህር ጩማ። «ማን ታመመ?»

መብራት ላፕቶፑን ተቀብላ ፕሮግራሙን ጫነች። ሳይደርስ የቀረውን ፈተና ከፈተችው፤ የመምህር ጩማ ድምፅ ከማሽኑ ወጥቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ። ደስ ይላቸዋል ብላ ፊታቸውን አየች። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ማን ነው ያጠፋው?» አሉ።

ኪሩቤል ብላ ማቆም ትችል ነበር።

«ኪሩቤል ሰረዘው፤ ሥራችንን ለሚረከበው ድርጅት ብሎ። እኔ አጸደቅኩት። ሳላነበው።»

«ሳታነቢው።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ መምህር፤ የዚያን ቀን…»

«እኔ ባላነብ ማንም አይፈርድብኝም» አሉ። «አንቺ ግን ዓይን አለሽ።»

ከግቢው የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። መምህር ጩማ ላፕቶፑን በእጃቸው ፈልገው ዘጉት። «ድምፄን አውጡልኝ። ለዚያ ድርጅት ከምትሰጡት ውስጥ። እኔን ዝም ያሰኘ ነገር በእኔ አፍ እንዲናገር አልፈልግም።»

«አይቻልም፣ መምህር። ያኔ ፈርመውልናል። ድምፁን እንደፈለግን እንድንጠቀምበት።»

«ወረቀቱን ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ያንንስ አንብበሽው ነበር ማለት ነው።»

መብራት ደህና ይሁኑ ብላ ወጣች።

ርክክቡ በሰኔ ተፈጸመ። ኪሩቤል በአንድ ሆቴል አዳራሽ የመምህር ጩማን ድምፅ በትልቅ ስፒከር ሲያሰማ፣ ታዳሚው ቆሞ ሲያጨበጭብ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከላት። መብራት ከፕሮጀክቱ መውጣቷን በአንድ መስመር ጽፋ መለሰችለት፤ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። መምህር ጩማ ዓመቱን እዚያው መጋዘን ጨረሱ። ስትደውልላቸው ስልኩ ይጠራል፣ አያነሱም። አሥራ አንዱ መስመር ያለበት ቅጂ የሚሠራው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። መምህሩ ከዚያች ሰኞ ወዲህ ይክፈቱት አይክፈቱት አታውቅም።