የሃርም ቡስማን ጓዳ

ድው! ድው! ድው!

ሃርም ቡስማን ገና ከአልጋው አልወረደም። ረጅም ምስማር ወፍራም ጣውላ ውስጥ ሲገባ በድምፁ ለየው። ግድግዳው ተርገፍግፎ አቧራ ሲረግፍበት ግን ጓዳውን ከማድ ቤቱ የሚያገናኘው በር መሆኑ ገባው። በውጭ ዞሮ ሲገባ ልጁ ጌርድ ምስማር በጥርሱ ነክሶ በሩ ላይ ጣውላ ያጋድማል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ብርድ ይገባል» አለ ጌርድ ሳይዞር።

«ብርዱማ እኔ ጋ ነው! የምድጃው ሙቀት በዚህ ካልመጣልኝ በጥር ደርቄ ነው የምገኘው።»

«እንግዲያ ታች ያለችው ጎጆ አለችልዎ።»

«የዶሮዎቹ?»

«ዶሮዎቹ እስካሁን አላማረሩም።»

ሃርም ከጀርመን፣ ከምሥራቅ ፍሪስላንድ፣ አሜሪካ መጥቶ ይህን የኢሊኖይ ረግረግ ቦይ እየቆፈረ ነው ያቀናው። ከስምንት ዓመት በፊት እንደ አገሩ ደንብ እርሻውን ለልጁ ሲለቅ፣ እስኪሞት ድረስ ጓዳውና የምድጃው ጥግ የእሱ እንዲሆኑ በምስክር ፊት እጅ ተመታ፤ ሻይም ተጠጣበት። ወረቀት አልጠየቀም። እዚያ አገሩ ቢሆን ቃሉን ያጠፈ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይቆምም ነበር። እዚህ ግን ማን ሊያፍር?

ባለፈው እሁድ እንኳ ገና አንድ ሲኒ ሻይ እንደጠጣ የልጁ ሚስት ታልከ ማንኪያውን በገዛ እጇ ሲኒው ውስጥ አቆመችበት። እንዲህ የሚያደርገው በቃኝ ያለ ጠጪ ራሱ ነው። በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ስድብ ነው።

ሃርም አጥር ተሻግሮ የውሉን ቀን ምስክር፣ ጎረቤቱን ኤፈርትን ይዞ መጣ።

«ተናገር እስቲ! ጓዳው እስክሞት የኔ ነው አልተባለም?»

ኤፈርት ፒፓውን አራገፈ። «እኔ የማስታውሰው ሻዩን ነው። ጥሩ ሻይ ነበር።»

«አንተ ውሸታም!»

«ላሜ ቦይህ ውስጥ ሰምጣ ስትሞት ‹አላየሁም› ያልከው ማን ነው? እኔም አላየሁም።»

ጌርድ ሳቀ። «ሰሙ አይደል? ወረቀት ካለዎ ያምጡ።»

ሃርም ድንች ወደምትልጠው ታልከ ዞረ። ከእሷ ሌላ የቀረ ምስክር የለም።

«ሻዩን የቀዳሽው አንቺ ነሽ። አልወድሽም፣ አንቺም አትወጂኝም፤ ይሁን። የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ።»

«ዋ! ትንፍሽ ትያትና!» አለ ጌርድ መዶሻውን እንደያዘ።

ታልከ ባሏን አየችው። ከዚያ ሽማግሌውን አየችው። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ሽርጧን ፈትታ ልጣጩ ላይ ጣለችው። ካፖርቷን ለበሰች፤ የተኛውን ሕፃን አንስታ በሻርፕ ጠቀለለችው።

«ወዴት ነው?» አለ ጌርድ።

ታልከ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

«አንቺን እኮ ነው!»

ሦስቱ ወንዶች መስኮቱ ጋ ተጋፉ። የቦዩን ዳር ይዛ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ በወላጆቿ ቤት በኩል ሳይሆን በባቡር ጣቢያው መንገድ፣ አንዴም ዞር ሳትል ሄደች።