ፀጉር ያለው አንዱ ብቻ

ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን አነበበ። «"እጄ ከእንግዲህ አይረባም።" ይህን ከመቶ ዘጠና አምስት አምነዋለሁ።»

በክብ የተቀመጡት አምስቱም የካንሰር ሕሙማን ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው፣ ድብርት ያቀበላቸውን ሐሳብ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ ምን ያህል እንደሚያምኑት ከመቶ ነጥብ ሰጥተው፣ ማስረጃ ይጠይቁታል።

«ማስረጃዎ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለ ወጣቱ አማካሪ።

«ኬሞው ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል። ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት። ቅዳሜ ፀጉር ቤቱን ለአከራዩ አስረክባለሁ።»

«መቀስ ከያዝክ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉ ጡረተኛዋ መምህርት።

«አራት ወር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ፈተና ሳትቀመጥ ነው ወደቅሁ የምትለው?»

የከባድ መኪናው ሾፌር ኮፍያውን አነሳ። «ራሴን በሰጠሁህ ነበር፤ ግን ምኑን ትቆርጠዋለህ?»

ተሳሳቁ። ከዚያ ሁሉም ዞረው አማካሪውን አዩት። በክፍሉ ውስጥ ፀጉር ያለው እሱ ብቻ ነበር።

«ነገ ከአለቃዬ ጋር ስብሰባ አለኝ» አለ አማካሪው ጎፈሬውን እየዳሰሰ።

«ሐሳባችሁን በተግባር ፈትኑ ስትለን የከረምከው አንተ ነህ» አሉ መምህርቷ።

ፀጉር ቤቱ ከሁለት መንገድ ማዶ ነበር፤ ሁሉም ተያይዘው ሄዱ። መስታወቱ አቧራ ለብሷል። ፀጉር አስተካካዩ በእጅጌው ወለወለው።

«መጀመሪያ የሚገምቱትን ይጻፉ» አለ አማካሪው ወንበሩ ላይ ሆኖ።

«ጆሮህን እቆርጠዋለሁ።»

አማካሪው ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። «ይጻፉት። በቶንዶስ አይሻልም?»

«በቶንዶስማ ማንም ይቆርጣል።»

ማበጠሪያው ሁለት ጊዜ ወደቀበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሱ አነሳው። ጣቱ ያልነገረውን በዓይኑ እየፈለገ፣ ከስለቱና ከቆዳው መካከል ማበጠሪያውን እያስገባ፣ ጥቂት በጥቂት ቆረጠ። ድሮ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት ሥራ አንድ ሰዓት ወሰደ። ማንም አልቸኮለም።

መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው ዞሩት። «ሁለቱም ጆሮዎች አሉ። ከግራው በላይ ግን ደረጃ ሠርተሃል። ከመቶ ስድሳ አምስት።»

«አሁንስ ያንን ሐሳብ ምን ያህል ያምኑታል?» አለ አማካሪው።

ፀጉር አስተካካዩ ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። አሁንም ደንዝዘዋል። «ሃምሳ።»

«ዜሮ ቢሉኝ አላምንዎትም ነበር።»

ሾፌሩ ኮፍያውን በአማካሪው ራስ ላይ ደፋለት። «ለነገው ስብሰባ። መልሰህ ታመጣለህ።»

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን አወጣ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ እያየ ነካቸው።

«ቅዳሜ አላስረክብም» አለ ለአከራዩ። «ለደንበኛ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። የግራ ጎኑ ይቀረዋል።»