የታጠነው ታንከር

«ዋቆ!»

መልስ የለም።

ሄመን መሰላሉ ላይ እንደቆመች የወተት ታንከሩን ክዳን ገፋ አደረገችና ደግማ ተጣራች። ከጠባቡ አፍ የወጣው የወይራ ጢስ ዓይኗን ለበለባት። ትንሽ ቀደም ሲል ዋቆ ውስጥ ሆኖ ያንጎራጉር ነበር።

«ሄሚ፣ እዚህ ውስጥ ድምፄ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ወተቱ ይቅርብንና ዘፈን እናውጣ!»

«ሕማማት ላይ? በጸሎተ ሐሙስ? አፍህን ሰብስብ!» ብላው ነበር እየሳቀች። እሱም ዝም አለ። ይሉኝታ ይዞት ዝም ያለ መሰላት። ታዘዘልኝ ብላ ደስ እንኳ ብሏት ነበር። ጢሱ እንዳያመልጥም ክዳኑን በገዛ እጇ ገጥማ፣ ጣት የምታሾልክ ክፍተት ብቻ ተወችለት።

አሁን ያ ዝምታ ሌላ ነገር ሆነባት። የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ውስጥ ዘረጋች። ጢስ፤ አሁንም ጢስ፤ ከዚያ የአንድ ጫማ ሶል። አይንቀሳቀስም።

ብረቱን በጡጫዋ ደበደበችው።

በሱሉልታ የሄመንን እርጎ የማያውቅ የለም፤ የማያገኘው ግን ብዙ ነው። ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ደጇ ላይ ሰው ይሰለፋል፤ እሷም ግማሹን «አልቋል» ብላ ትመልሳለች። ያለቀው ወተቱ አልነበረም። ገበሬው ጾሙን ሙሉ ወተቱን የሚገዛው አጥቶ ሲንከራተት ነው የሚከርመው። ያለቀው የሄመን እጅ ነው። እያንዳንዱን ቅል በወይራ ፍም የምታጥነው ራሷ፣ እርሾውን የምትለካው ራሷ፣ ያውም በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነው። ከሠራተኛዋ ከዋቆ በቀር እዚያ ክፍል የገባ ሰው የለም። ሚስቱ ደራርቱ እንኳ ዕቃ ስታጥብ የምትውለው ደጅ ነው። «እጄን ካዩት ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ይከፍታሉ» ትላለች ሄመን። ይህን ፍርሃት ጥንቃቄ ብላ ነው የምትጠራው። ፍርሃቱን በስሙ የሚጠራ ሰው መቼም ጥቂት ነው።

ከዚያ ለሥልጠና ተጠራች። አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውሃ እየጠጡ «አቅማችሁን አሳድጉ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አቅም ማለት ዕቃ የሚመስላቸው፣ የማሽን ፎቶ ግድግዳ ላይ አሳይተው አበላቸውን ፈርመው የሚሄዱ። አንዳቸውም «በቤትሽ ስንት ሰው ታምኛለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም ከሰበታ ይህን የብረት ታንከር አስመጣች። መጥቶ የገጠመላት ቴክኒሻን፣ «በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቢዋለሽ፣ በቃ» ብሏት ነበር። በቃ? ያልታጠነ እርጎ የሄመን እርጎ ነው? ቅል ሲታጠን ፍሙ ይገባል፣ አፉ ይከደናል፣ ይወዘወዛል። ታንከር አይወዘወዝም። ስለዚህ ፍሙን በገል ይዞ ውስጡ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። ትልቅ ቅል ነው ብላ ነው የቆጠረችው። ቅል ውስጥ ግን ሰው ተንፍሶ አያውቅም።

የቡራዩና የሰበታ ሱቆች ለፋሲካ እርጎዋን ሊረከቡ ተስማምተዋል። ወተቱ ዛሬ ገብቶ፣ ረግቶ፣ ቅዳሜ መጫን አለበት። ለዚህ ነበር ጥድፊያው።

«ደራርቱ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት።

ደራርቱ ጉልባን የያዘ ሳህን ይዛ ከጓሮ መጣች። «ምን ሆንሽ?»

«ዋቆ… አይመልስልኝም።»

ሳህኑ ወደቀ። ደራርቱ ሄመንን ከመሰላሉ ገፍትራ ወጣችና አንድ እግሯን ወደ ታንከሩ አፍ ሰደደች። ከአጥሩ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሱልጣን ጩኸቱን ሰምቶ ሲገባ ያየው ይህንን ነው። ሮጦ ደርሶ ወገቧን አቅፎ ያዛት።

«ልቀቀኝ! ባሌ ነው!»

«ባልሽ ነው፤ ገብተሽ ላዩ ላይ ትወድቂያለሽ! በዚህች ቀዳዳ ሁለት ሰው በምን ላወጣ ነው? ውረጂ እህቴ፣ በአላህ ውረጂ!» አንስቶ አወረዳት። ከዚያ ወደ ሄመን ዞረ። «ከታች መክፈቻ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ክፈቺዋ!»

መክፈቻውን መጀመሪያ ወደሚዘጋበት አጠበቀችው፤ ከዚያ ነው የተከፈተላት። ሱልጣን የኮምፕሬሰሩን የአየር ቱቦ በአጥሩ ላይ ጎትቶ አምጥቶ በታችኛው ቀዳዳ አስገባ። አየሩ እያፏጨ ገባ፣ ጢሱም ከላይ ተንዶ ወጣ። ደራርቱ ብረቱን በመዳፏ ትደልቃለች። «ዋቆ! ኮቱ! ዋቆ፣ ወደኔ ና!»

ከውስጥ ድምፅ መጣ። ቃል አይደለም፤ የሚታረድ በግ ጉሮሮ ዓይነት ነገር ነው።

«አለ!» አለ ሱልጣን። «ግን አየሩ ብቻውን አያወጣውም። አፉ ወደ ጎን እንዲሆን እንገልብጠው።»

የሄመን ዓይን ወደ መዳብ ቧንቧዎቹ ሄደ። ከማቀዝቀዣው ጋር በብየዳ የተያያዙ ናቸው። ከተገለበጠ ይበጠሳሉ፤ ከተበጠሱ ፋሲካ የለም፣ ቡራዩና ሰበታ የሉም።

ደራርቱ አየቻት። «ምን እያየሽ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሄመን፣ አንቺ ምን እያየሽ ነው?»

«ግፉት!» ብላ ጮኸች ሄመን። «ይሰበር! ግፉት!»

ወተት ይዘው ቀድመው የደረሱ ገበሬዎች ከበር ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ነገሳ ዱላቸውን ጥለው መሃል ገቡ። «በሉ ኢጆሌ፣ በሉ ልጆች፣ በአንዴ!» ታንከሩ ተንገዳገደ፣ አቃሰተ፣ ወደቀ። ቧንቧው ተበጥሶ ነጭ ጋዝ ሲፈነዳ ሰዉ ሁሉ ተበተነ። ሱልጣን አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ ጎንበስ አለና አንዱን እግር ያዘ፤ ሌላውን ደራርቱ ያዘች። ጎትተው ሣሩ ላይ አወጡት።

ከንፈሩ ጠቁሯል። ሄመን ልትጠጋው ፈራች። ሞቶ እንደሆነ ቀድማ ማወቅ አልፈለገችም።

«አትክበቡት፤ አየር ስጡት!» አሉ ኦቦ ነገሳ። ደራርቱ ፊቱን ትመታለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ትሳደባለች። «ተነስ አንተ ሰነፍ! እዚህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?» ዋቆ አስመለሰው። ሳለ። ሌላ ሳል መጣ፤ ከሳሉ ኋላም ትንፋሽ።

«ያ ዋቃዮ!» አለች ደራርቱና ሣሩ ላይ ተዘረፈጠች።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት፤ ኦክስጅን ተደረገለት። ሐኪሙ ይተርፋል፣ ግን እዚህ ይደር አለ። ዋቆ ሄመንን ሲያያት ጭምብሉን ከአፉ ፈቀቅ አደረገ።

«አልዘፈንኩም እኮ» አላት።

ምን ማለቱ እንደሆነ ከእሷ በቀር የተረዳ ሰው የለም። እሷ ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውየው እዚያ ውስጥ እየታፈነ፣ የመጨረሻ ሐሳቡ እሷን አለማስቆጣት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደጇ በወተት ዕቃ ተሞልቷል። የዋቆን ወሬ የሰሙ የሰፈር ሴቶችም ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጥተዋል። ኦቦ ነገሳ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱ።

«ልጄ፣ እንኳን ነፍሱ ተረፈ። ወተቱ ግን ፀሐይ ላይ ነው። ትረከቢናለሽ ወይስ እንድፋው?»

«በምኔ ልረከብዎት ኦቦ ነገሳ? እርስዎም አይተውታል።»

ለባሏ ብርድ ልብስ ልትወስድ የመጣችው ደራርቱ መሃል ግቢ ቆመች።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች። «ባሌን እዚያ የከተትሽው እጅሽን ላለማሳየት ነው። ብረት አምነሽ ሰው አላመንሽም። እኔ ስንት ዓመት ደጅሽ ላይ ዕቃ አጠብኩ? አንድ ቀን ግቢ ብለሽኛል? እስቲ እዚህ ከቆሙት ሴቶች ቅል የሌላት የቷ ናት? ወይራ የማታውቅ የቷ ናት? ቅል በቅል ብንካፈለው ይሄ ወተት ለምሳ እንኳ አይበቃንም!»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዷ ሳቀች።

ሄመን አየቻቸው። በእያንዳንዷ ፊት አንድ አንድ ሱቅ ታያት፤ በሚቀጥለው ፋሲካ ፊት ለፊቷ የሚከፈት። ዓይኗን ስትጨፍን ደግሞ የጫማው ሶል መጣባት፤ በጢስ መሃል፣ የማይንቀሳቀሰው። ሁለቱም ያስፈራሉ። የሶሉ ግን ይብሳል።

«ኦቦ ነገሳ፣ ወተቱን ለየቤቱ ያካፍሉልኝ» አለች። «እናንተ ደግሞ ቅላችሁን አጥናችሁ፣ ወተቱን ቀድታችሁ አምጡ። ማንም ቤት ውስጥ እንዳያጥን፤ ደጅ፣ ነፋስ ላይ!»

ከዚያ የተቆለፈውን ክፍል ከፍታ የእርሾውን ዕቃ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ብርሃን ወጣች። ከዋቆ በቀር ማንም ሰው አይቶት አያውቅም። ተራ የሸክላ ማሰሮ ነው።

«እሺ፣ ልኩ ስንት ነው?» አለች ደራርቱ።

ሄመን ማሰሮውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ልኩን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ለአንድ ቅል… አንድ ጭልፋ። ከመሃሉ ነው እንጂ ከላዩ አይደለም። ወተቱም ለብ ብሎ እንጂ ቀዝቅዞ አይደለም።»

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

ደራርቱ ወደ በሩ ዞራ፣ መንገድ ላይ ለቆሙት፣ ለእነዚያ በኦሮምኛ፣ ለእነዚህ ባማርኛ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለፈፈች። «አንድ ጭልፋ! ከመሃሉ! ወተቱ ለብ ብሎ!» አንዷ ተቀበለች፣ ሌላዋ ለጎረቤቷ ደገመች። ሄመን የኑሮዋ ምሥጢር በሰው አፍ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ሰማችው። ሮጣ ልትመልሰው እግሯ ቃጣ፤ ግን ቆመች።

የመጀመሪያዋ ሴት ለብ ያለ ወተት የያዘ፣ ትኩስ የወይራ ሽታ ያለው ቅል አቅፋ ገባች።

«እርሾውን ጨምሪልኝ እስቲ» አለቻት።

ሄመን ጭልፋውን ነከረች። እርሾው በጭልፋው ጠርዝ ይፈስ ጀመር። ደራርቱ የሄመንን የእጅ አንጓ ያዘችና እርሾው ቅሉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አልለቀቀችውም።