ቀለም የፈሰሰበት ገጽ

ለመመረቂያዬ ብቻዬን የምጫወተውን የፒያኖ ሥራ እስከ ቀትር ድረስ መምረጥ ነበረብኝ። መምህሬ ሁለት የኖታ መጻሕፍት ዘረጉልኝ። አንደኛው ለትንሽ እጄ የሚስማማ፣ ጨዋ ሥራ ነበር። ሁለተኛው አዲስና አስቸጋሪ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ በዓይኔ ስከተል ልቤ ይዘል ጀመር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች የሸፈነ ጥቁር ነገር አየሁ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቀለም ፈሶበታል» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «ኖታው አይታይም።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቀለም አይደለም፣ የኔ ልጅ። እዚያ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ ባንዴ ምቺ ማለት ነው። በክንድሽ።»

«በክንዴ?»

«ጣቴ አጭር ነው ስትይኝ ከረምሽ። ክንዴም አጭር ነው እንዳትይኝ።»

የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ ክንዴን ቁልፎቹ ላይ ጣልኩት። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ከጎን ክፍል ይሰማ የነበረው ቫዮሊን ቀጥ አለና ተጫዋቹ በሩን ከፈተ።

«ምን ወደቀ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

«ምንም አልወደቀም» አልኩት። «መመረቂያዬን እየመረጥኩ ነው።»

ጨዋውን መጽሐፍ ለመምህሬ መለስኩና ክንዴን እንደገና አነሳሁ።