የጫማ ቤቱ አረንጓዴ ብርሃን

ሐኪሙ ማክሰኞ ዕለት፣ በዊልማ ግራ እግር ላይ አልሽር ካለው ቁስል ናሙና ወስዶ ለምርመራ ከላከ በኋላ፣ «በልጅነትዎ እግርዎን ራጅ ተነሥተው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቃት። እግሯ ተሰብሮ ስለማያውቅ አላመነታችም፤ «በጭራሽ» አለችው። ውጤቱ እስኪመጣ ለማንም ላለመናገር ወሰነች። ፍርሃት ሲነገር የሚበረታ ይመስላት ነበር።

ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ኖሪን እየጎተተች ወደ ቶሌዶ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ወሰደቻት። በአዳራሹ የመሀል ከተማውን የቀድሞ ሱቆች የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ተከፍቷል። ሱቆቹ ፈርሰው ቦታቸው የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆይቷል። ኖሪን ግን በየፎቶግራፉ ፊት እየቆመች ትጣራለች።

«ነይ እዪ! ይቺ የኮፍያ ቤቷ ሴትዮ አይደለችም? ያቺ አፍንጫዋን ሰቅላ እማማን የምታሸማቅቃት!»

«እሷው ናት» አለች ዊልማ፣ በግራ እግሯ ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች።

«የተቆላው ለውዝ ሽታስ? ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ እኮ ነበር የሚቀበለን። ምነው ዛሬ ዘጋሽኝ? ጫማሽ ጠበበሽ እንዴ? የጫማ ሻጭ ልጅ ሆነሽ!»

አባታቸው ክላይድ ዕድሜውን በሃልስተድ ጫማ ቤት የሰው እግር ሲለካ የኖረ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናታቸው ገበያዋን እስክትጨርስ ሁለቱ ልጆች እሱ ዘንድ ይውሉ ነበር።

ኖሪን ድንገት አጨበጨበች። «ሳጥኑ! የአባባ ሳጥን!»

ከገመዱ ማዶ የተወለወለ የእንጨት ሳጥን ቆሟል፤ ከሥሩ እግር ማስገቢያ፣ ከላዩ ሦስት የዐይን ማያ፤ ለልጅ፣ ለእናትና ለሻጭ። አዲስ ጫማ የተጫማ ልጅ እግሩን ሲያስገባ የጣቶቹ አጥንት ከነጫማው ምስማር በአረንጓዴ ብርሃን ይታይ ነበር፤ ጫማው መጥበብ አለመጥበቡ የሚለየው በዚያ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ አባታቸው ቁልፉን ይጫንላቸዋል፤ እነሱም ጣታቸውን እያወዛወዙ በሳቅ ይፈርሳሉ። ዊልማ ከልጅነቷ ሁሉ ከዚያ የበለጠ ደስታ አታስታውስም።

በሳጥኑ ጎን የተለጠፈው ጽሑፍ አጭር ነበር፦ «የእግር ራጅ መሣሪያ። ለጤና አደገኛ መሆኑ ሲታወቅ ከአገልግሎት ወጣ።»

ዊልማ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ለሐኪሙ «በጭራሽ» ብላዋለች። ከዚያ ይልቅ ያስፈራት ግን ሌላ ሐሳብ ነው፤ ታናሽ በመሆኗ ተራው ሁልጊዜ ለኖሪን ይለቀቅ ነበር፤ ከሳጥኑም በልቅሶ ካልሆነ አትወርድም ነበር።

«ኖሪን፣ ጫማሽን አውልቂ።»

«እዚህ? አብደሻል? ካልሲዬ እኮ ቀዳዳ ነው፤ ልታዋርጂኝ ነው?»

«አውልቂ ብዬሻለሁ።»

«ደግሞ ብለሽ ብለሽ አባባን ልትሆኚ! ቁጥሬ ሰባት ተኩል ነው፣ የኔ እመቤት፤ ጥቁር ካለሽ...» የእህቷን ፊት ስታይ ሳቋ ተቋረጠ። ዐይኗ ወደ ጽሑፉ ሄደ፤ አነበበችው። ከዚያ ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ ከግራዋ ኋላ ሸሸገች።

ዊልማ ያቺን እንቅስቃሴ ለየቻት። ራሷም ሳምንቱን ሙሉ ስታደርጋት ሰንብታለች።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምኑ?»

«ኖሪን!»

«ከገና ወዲህ። ትንሽ ነገር እኮ ናት፤ ጫማ የላጠኝ ነው የመሰለኝ። ሐኪም ጋ ሄጄ የማይሆን ነገር ከምሰማ ብዬ...» ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጠነ። «አባባ ነው እኮ ያበራልን፣ ዊልማ። አባባ ክፉ ነገር አያደርግብንም።»

«አያደርግም። አላወቀም።»

ዊልማ አጠገባቸው ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ የራሷን ጫማ አወለቀች፤ በፋሻ የተጠቀለለውንም እግሯን አሳየቻት። ኖሪን አጠገቧ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ልትፈታ ጎነበሰች፤ ቋጠሮው ግን አልፈታ አላት። ዊልማ ተንበርክካ ፈታችላት። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ወይ ጊዜ! ወይ ደጉ ጊዜ!» እያሉ ያልፋሉ።

ካልሲውንም አወረደችው። የኖሪን ቁስል ከራሷ ቁስል በእጅጉ ይሰፋል።

«ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን» አለች ዊልማ። የእህቷን እግር ግን አልለቀቀችውም፤ ከለቀቀችው ኖሪን የምትደነግጥ ይመስል።